ውስጥ ለውስጥ የተበላው ደን፦ ከማንኩሽ የእጣን ዛፎች ሥር

ማንኩሽ የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በመተከል ዞን ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከሱዳን ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ በሞቃቱ ቆላ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ መንገደኛ መንገዱ በደብረ ማርቆስና በኮሶበር በኩል አድርጎ ወደ ቻግኒ ይወርዳል፤ የዞኑን ከተማ ግልገል በለስን ያልፍና በዳንጉር ወረዳ ማምቡክን አቋርጦ ጉባ ይገባል። ከኮሶበር ብርድ የተነሣ ሰው ቻግኒ ላይ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ማምቡክ ላይ እጅጌውን ይሰበስባል፤ ማንኩሽ ሲደርስ የሚፈልገው ጥላና ውኃ ብቻ ነው።

ዛሬ «ጉባ» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይሄዳል። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 145 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሐይቁም ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ይሁን እንጂ ጉባ ከግድቡ በፊትም ስም ነበራት። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢውን ያስተዳድሩ የነበሩት ሸህ ሐምዳን አቡ ሾክ በድንበሩ ወዲያና ወዲህ የታወቁ ሰው ነበሩ። የሱዳን ነጋዴና የደጋ ነጋዴ የሚገናኙበት አገር በመሆኑ ዛሬም በማንኩሽ ገበያ ጉሙዝኛ፣ አማርኛ፣ አገውኛና ዐረብኛ በአንድ ጥግ ይሰማሉ። የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ጫፍና ጫፍ ሸክማቸውን አመጣጥነው፣ አንድ እህል ሳያፈሱ ረጅም መንገድ ሲሄዱ ማየት ለእንግዳ ሰው ትምህርት ነው። ምግቡ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ነው፤ ለለመደው ጣፋጭ፣ ላልለመደውም ቶሎ የሚለመድ።

ውድ አንባብያን፣ ብዙዎቻችሁ ማንኩሽን አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። የዚያ ቆላ ዛፍ የሚሰጠውን ግን ሳታሸቱ አትቀሩም። ለጁሙዓ ቤቱ ሲታጠን፣ ለቡና ረከቦት ሲቀርብ፣ ለኒካሕ እንግዳ ሲጠበቅ ፍሙ ላይ የምትጣለው ነጭ ጠጠር የእጣን ዛፍ እንባ ናት። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዛፍ ነው፤ ደግሞም ዛፉን ከውስጥ ስለሚበላው ትንሽ ፍጡርና በዚህ ምክንያት ስለምናጣው፣ በዐይን ስለማይታይ ነገር ነው።

የወረቀት ልብስ የለበሰው ዛፍ

ወደ ደኑ የወጣሁት በየካቲት ወር፣ በትምህርት ቤቶች የአጋማሽ ዓመት እረፍት ወቅት ነው። በማንኩሽ የሚያስተምር ጓደኛዬ በወጣትነታቸው እጣን ይለቅሙ ከነበሩ አንድ ሽማግሌ ጋር አገናኘኝ። ከፈጅር ሰላት በኋላ ተነሥተን፣ ፀሐይ ሳትበረታ በፊት ድንጋያማው ተረተር ላይ ደረስን።

የእጣን ዛፍ በበጋ ቅጠል የለውም። ቅርፊቱ እንደ ቀጭን ወረቀት እየተላጠ በነፋስ ይንቀጫቀጫል። የሳይንስ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው፤ «ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ» ሲባል ሁለተኛው ቃል ወረቀት ተሸካሚ ማለት ነው። ዐረቦች እጣኑን «ሉባን» ይሉታል፤ ነጭነትን ከሚያመለክትና ለወተት ከሚውል ሥር የተገኘ ቃል ነው። ቅርፊቱ በስለት በስሱ ሲበጣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል፤ ፈሳሹም በቀናት ውስጥ ይደርቅና ይለቀማል። ቁስሉ እንደገና ይታደሳል። ይህ ሥራ ከጥቅምት እስከ ግንቦትና ሰኔ፣ ዝናብ እስኪጀምር ድረስ ይቀጥላል።

ዛፉ የሚኖረው ሌላው ዛፍ በናቀው ቦታ ነው። አፈሩ ስስ በሆነበት፣ ድንጋዩ በበዛበት ዳገት ላይ ሥሩን ስንጥቅ ውስጥ አስገብቶ ይቆማል። በትግራይ፣ በዋግ ኽምራ፣ በመተማና በቋራ፣ እንዲሁም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላዎች ይገኛል። ገበሬ ሊያርሰው በማይችለው መሬት ላይ ጥላ፣ ለንብ አበባ፣ ለከብት ቀለብ፣ ለሰው ገንዘብ የሚሰጥ ዛፍ ነው።

ሽማግሌው አንድ ትልቅ ዛፍ አጠገብ ቆሙና ግንዱን በበትራቸው መቱት። ድምፁ እንደ ባዶ ቅል ነበር።

«ልጄ፣ ይህን ብትበጣው አንዲት ፍሬ እጣን አይሰጥህም» አሉኝ። «ውስጡ አልቋል።»

ጎንበስ ብዬ ስመለከት ቅርፊቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ። ከሥሩም እንጨት ሲጋዝ እንደሚወድቀው ያለ ዱቄት ተከምሯል። ከዚያ ዛፍ እስከሚቀጥለው አምስት ዛፍ ድረስ ሄድን፤ ሁለቱ እንደዚያው ነበሩ።

ጢንዚዛው

በመተማ የእጣን ደን ላይ ጥናት ያካሄዱ ተመራማሪዎች ይህን ምልክት በሚገባ ያውቁታል። ከሞቱት ዛፎች በብዙዎቹ ላይ ያገኙት የአንድ ጢንዚዛ ዱካ ነው። ስሙ «ኢዳክተስ ስፓይኒፔኒስ» ይባላል። ረጅም ቀንድ መሰል አንቴና ካላቸው ጢንዚዛዎች ወገን ነው። ጉዳት የሚያደርሰው በተለይ ትሉ ነው። እናቲቱ ቅርፊቱ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ትሉ ይፈለፈልና ወደ ውስጥ ቦይ እየቆፈረ ይገባል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ምግብ የሚመላለስበት ክፍል ሲቆራረጥ ዛፉ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ግንዱም ሲቦረቦር ነፋስ ይጥለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በዓለም ላይ ደን ከሚያጠፉ ነፍሳት ብዙዎቹ መጤዎች ናቸው። በደጋችን የፈረንጅ ጥድንና የሀበሻ ጥድን የሚያደርቀው ትንሽ ቅማል መሰል ነፍሳት እንዲህ ያለ ነው። በአፍሪካ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ኬንያ ገባ፤ በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ። መጤ ነፍሳት ጠላቱን በአገሩ ትቶ ስለሚመጣ የሚከለክለው አያገኝም። የእጣን ዛፉ ጢንዚዛ ግን ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ የአገሩ ተወላጅ ነው። ከዛፉ ጋር አብሮ ኖሯል። የተለወጠው ዛፉ ያለበት ሁኔታ ነው። ዛፉ ያለ እረፍት ሲበጣ፣ በየዓመቱ በሰደድ እሳት ሲለበለብ፣ ሲያረጅና ተተኪ ሲያጣ፣ ቀድሞ ጥቂቱን ብቻ ይጥል የነበረ ጢንዚዛ ብዙውን ይጥላል።

ዛፉ የያዘው ሀብት

አሁን ወደ ማይታየው ነገር እንምጣ። ዛፍ በቅጠሉ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ካርቦኑን ወደ እንጨት፣ ወደ ሥር፣ ወደ ቅጠልና ወደ እጣንም ይለውጠዋል። የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። 200 ኪሎ የሚመዝን ደረቅ ግንድ ብናስብ 100 ኪሎ ያህል ካርቦን ይዟል ማለት ነው። ያ ግንድ ሲቃጠል ወይም ሙሉ በሙሉ ሲበሰብስ እያንዳንዱ ኪሎ ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ 3.67 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ 100ው ኪሎ 367 ኪሎ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። የምድርን ሙቀት እየጨመሩ ካሉት ጋዞች ዋነኛው ይኸው ነው።

የቆላ ደን በአንድ ሄክታር የሚይዘው ካርቦን እንደ ከፋና እንደ ሸካ ጥቅጥቅ ደን አይደለም። ስፋቱ ግን ትልቅ ነው። ደግሞም ብዙው በመሬት ውስጥ፣ በሥርና በአፈር ተቀምጧል። ስለዚህ አንድ የቆላ ዛፍ ሞተ ስንል የጠፋው ማገዶ ብቻ አይደለም።

ጢንዚዛ የገባበት ደን የካርቦን ሒሳቡ በአንድ ቀን አይለወጥም። በደረጃ ነው የሚሄደው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደኑ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ወትሮው ነው። ነገር ግን ትሉ ውስጡ ያለበት ዛፍ እድገቱ ስለሚቀንስ ከአየር የሚስበው ካርቦንም ያንሳል። ገቢው ቀነሰ እንበል። ቀጥሎ ዛፉ ይሞታል፤ ገቢው ይቆማል። ሆኖም ግንዱ ቆሞ እስካለ ድረስ ያጠራቀመው ካርቦን አብሮት አለ። ሦስተኛው ደረጃ ግንዱ ሲወድቅ ይጀምራል። ምስጥና ሻጋታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጨርሱታል፤ የበጋ እሳት ከደረሰበት ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት የተሰበሰበው በሰዓታት ውስጥ ይበተናል።

አራተኛው ደረጃ ዋናው ነው። በወደቀው ዛፍ ቦታ ምን በቀለ? ሌላ ዛፍ ከበቀለ ያ አዲስ ዛፍ የጠፋውን ካርቦን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ሣር ብቻ ከበቀለ ግን ሣሩ በበጋ ይደርቃል፤ እሳትን ይጠራል፤ እሳቱም የሚበቅለውን ችግኝ ይገድላል። ያኔ የወጣው ካርቦን አይመለስም።

«ልጆቹ የታሉ?»

ይህን ካወቅሁ በኋላ ደኑን በሌላ ዐይን አየሁት። ትላልቅ ዛፎች አሉ። መካከለኛም አሉ። ጉልበቴ ድረስ ወይም ቁመቴ ያህል የሆነ የእጣን ዛፍ ግን በዚያ ጥዋት አንድም አላየሁም።

«አባቴ፣ የዚህ ዛፍ ልጆች የታሉ?» አልኳቸው።

«በክረምት ይወለዳሉ» አሉ። «ጣት ታክላለች እያንዳንዷ። ከዚያ ፍየል አለ፣ ከብት አለ፣ በበጋ እሳት አለ። ሥሯ ካልሞተ በሚመጣው ክረምት እንደገና ትወጣለች። ያው ጣት ታክላለች። አድጋ ሳላያት እኔ አረጀሁ።»

ሽማግሌው በራሳቸው አነጋገር የገለጹት ነገር በጥናት የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በመተማ ደኖች ላይ የወጣ ጥናት፣ የሚበጡትም የማይበጡትም የእጣን ደኖች እየመነመኑ መሆናቸውን አሳይቷል። የትላልቆቹ ዛፎች ሞት በየዓመቱ ከመቶ 6 እስከ 7 ደርሶ ነበር፤ ችግኞቹም ወደ ዛፍነት አይሻገሩም። በዚህ ከቀጠለ ከ50 ዓመት በኋላ ከመቶ 90ው ዛፍ እንደሚጠፋ ተመራማሪዎቹ አስጠንቅቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት 23 የእጣን ደኖችንና ከ21 ሺህ በላይ ዛፎችን መዝኖ፣ ከደኖቹ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ወጣት ዛፍ እንደሌለ አገኘ። የእጣን ምርትም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገመተ።

ተማሪዎች በደብተራቸው ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል ሒሳብ እነሆ። 1,000 ዛፍ ይኑረን። በየዓመቱ ከመቶ 6ቱ ይሙቱ፤ የሚተካም አይኑር። ከ10 ዓመት በኋላ 539፣ ከ20 ዓመት በኋላ 290፣ ከ50 ዓመት በኋላ 45 ዛፎች ይቀራሉ። በየዓመቱ ሲታይ ብዙም አያስደነግጥም፤ ከመቶ ስድስት ዛፍ ቢጎድል ማን ያስተውላል? አንድ ልጅ ተወልዶ አያት እስኪሆን ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ደኑ አልቋል። የቀሩት ዛፎች እየወፈሩ ስለሚሄዱና የሞቱትም ቆመው ስለሚቆዩ ካርቦኑ እንደ ዛፎቹ ቁጥር ቶሎ አይወርድም። ለዚህም ነው የሚያታልለው። ቁጥሩ ከጎደለ ከዓመታት በኋላ ካርቦኑ ይከተላል።

እዚያው ማንኩሽ አካባቢ ያለው የቆላ ቀርከሃ ለንጽጽር ይረዳናል። ቀርከሃ ለረጅም ዓመታት ኖሮ በአንድ ወቅት በጅምላ ያብባል፤ ካበበም በኋላ በጅምላ ይሞታል። የሚያየው ሰው አገር ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን ከመሞቱ በፊት መሬቱን በዘር ይሸፍነዋል፤ ከእሳትና ከከብት ከተጠበቀ እንደገና ይነሣል። የእጣን ዛፍ ሞት ግን ድምፅ የለውም፤ አንድ ባንድ ነው፤ ተተኪም አይተውም።

ሌላው ዓለም ምን አየ?

በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የጥድ ጢንዚዛ ያደረሰው ጥፋት ለእኛ ቅርብ ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም እርሱም እንደ እኛው ጢንዚዛ የአገሩ ተወላጅ ነበር። ክረምቱ እየለዘበ ሲሄድ ትሉ በብርድ መሞቱ ቀረና ተባዛ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት 374 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍን ደን ላይ፣ ከ2000 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት 270 ሚሊዮን ቶን ካርቦን በዚህ ጢንዚዛ ሰበብ እንደሚታጣ ገምቷል። ካርቦን ይሰበስብ የነበረ ደን ካርቦን አውጪ ሆነ ማለት ነው።

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ ከጃፓን የመጣ ነጭ ጥጥ መሰል ነፍሳት አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 በቨርጂኒያ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ «ሄምሎክ» የሚባለውን ትልቅ ዛፍ እያደረቀ ወደ ሰሜን ዘለቀ። ዛፉ ሲሞት ግን በቦታው «በርች» የተባለ ሌላ ዛፍ በፍጥነት ይበቅላል። ደኑ የቀድሞው ደን ባይሆንም ከአሥርተ ዓመታት በኋላ የካርቦን ሒሳቡ መመለስ ይጀምራል። ከሁለቱ አገሮች የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ የነፍሳት ጥቃት የሚያስከትለው ጉዳት የመጨረሻ መጠን የሚወሰነው ስንት ዛፍ ሞተ በሚለው ብቻ ሳይሆን ማን ተተካ በሚለው ነው። የእኛ ችግር የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው።

የሽማግሌው ጥያቄ

ወደ ከተማ ስንመለስ ሽማግሌው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ በዚህ ደን ዳር መሬት ይፈልጋል። እጣኑ አንሷል። መንጥሮ ሰሊጥ ቢዘራ ምን ትለዋለህ?»

ይህ ጥያቄ የጉዞዬ ትልቁ ትምህርት ነው። ጢንዚዛው ብቻውን ደኑን አይጨርሰውም። ደኑን ከጥቅም ያወጣዋል፤ ጥቅም የማይሰጥ ደን ደግሞ ጠባቂ አይኖረውም። እጣን የሚለቅም ሰው እሳት ሲነሣ ሮጦ ያጠፋል፤ ደኑ እንጀራው ነውና። እጣኑ ሲቀር ያው ሰው መጥረቢያ ያነሣል። መሬቱ ሲታረስ ደግሞ ከዛፉ በተጨማሪ በአፈሩ ውስጥ የነበረው ካርቦንም መውጣት ይጀምራል። በድንጋያማው ዳገት ላይ ያለው ስስ አፈር ሰሊጥን ስንት ዓመት ይቀልባል? ለሽማግሌው ይህን ነገርኳቸው። እርሳቸውም፣ «እውነትህን ነው፤ ግን ልጁ የሚበላው ዘንድሮ ነው» አሉ። መልሱ ለዘንድሮም ለከርሞም የሚሆን ካልሆነ በስተቀር ማንም አይሰማውም።

ምን ይደረግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አበው። የሚደረገው ነገር አለ፤ አብዛኛውም ረቂቅ ማሽን የማይጠይቅ ነው።

አንደኛው መከለል ነው። ከደኑ ጥቂቱን እየመረጡ ለተወሰኑ ዓመታት ከከብትና ከፍየል ነጻ ማድረግ፣ ሣሩንም እያጨዱ ለከብት መውሰድ። ሣሩ ሲታጨድ ከብቱም ይጠግባል፤ እሳቱም ማገዶ ያጣል። ሁለተኛው በበጋ መግቢያ የእሳት መከላከያ መስመር መጥረግ ነው። ሦስተኛው ዛፉን ማሳረፍ ነው። በኤርትራ በተደረገ ጥናት ካልተበጡ ዛፎች ደን የተገኘው ዘር ከመቶ ከ80 በላይ ሲበቅል፣ ከሚበጡት ደን የተገኘው ከመቶ 16 እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ደኑን ከፋፍሎ በተራ ማሳረፍ፣ ቀጭን ዛፍን አለመንካት፣ የቁስሉንም ብዛት መቀነስ ለዘሩ ሕይወት ነው። አራተኛው በትል ተበልቶ ሊሞት የተቃረበውን ዛፍ ጢንዚዛው አድጎ ከመውጣቱ በፊት ለይቶ መቁረጥና ለማገዶ ማዋል ነው። አምስተኛው ከትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በመትከል ማባዛት ነው።

ከከተማ የምንኖረውም ድርሻ አለን። እጣን ስንገዛ ከየት እንደመጣ እንጠይቅ። ነጋዴው ጥያቄ ሲበዛበት አቅራቢውን ይጠይቃል፤ አቅራቢውም ለቃሚውን። ለደኑ ጠባቂ የሚደርሰው ዋጋ ከፍ ካላለ ዛፉን አሳርፍ ማለት ትርፍ ቃል ነው። ወጣቶች ደግሞ በየትምህርት ቤታችሁ ግቢ አንድ ዛፍ መርጣችሁ ዙሪያውን በሜትር ለኩ፤ በየዓመቱ በአንድ ቀን እየለካችሁ መዝግቡ። ካርቦን የሚባለው ነገር ከመጽሐፍ ወርዶ በእጃችሁ የሚገባው ያኔ ነው።

ችግኝ መትከል ሰደቃ መሆኑን በየመድረሳው ተምረናል፤ በየክረምቱም ብዙ እንተክላለን። በጉባ ቆላ ግን አላህ በየክረምቱ ያለ እኛ ድካም የሚያበቅላቸው ጣት የሚያካክሉ ችግኞች አሉ። እነርሱን የሚተክል አያስፈልግም። ሁለትና ሦስት በጋ ብቻ ሳይሆን፣ ቁመታቸው ከፍየል አፍና ከሣር እሳት በላይ እስኪሆን ድረስ የሚጠብቃቸው ሰው ነው የሚያስፈልገው። ያን ሰው የማንኩሽ ደን ጫፍ ላይ ለማቆየት የሽማግሌው ልጅ ዘንድሮ የሚበላው ነገር ከደኑ እንዲያገኝ ማድረግ የወረዳው፣ የነጋዴውና የእኛም የገዢዎቹ ጉዳይ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።